«እሺ» ያለ ሕመምተኛ ሁሉ ተረድቷልን?
ቋንቋቸውና ባህላቸው ከእኛ የተለየ ሕሙማንን ስለ ማገልገል

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ከደቡብ ሱዳን ተሰድደው በአዲስ አበባ የሚኖሩ አንዲት የኑዌር ቋንቋ ተናጋሪ እናት ሆዳቸውን እንደሚያማቸው ነገሩን። ወደ ጤና ተቋም ስንወስዳቸው አማርኛ ከትምህርት ቤት የለመደ የ12 ዓመት ወንድ ልጃቸው አብሮን ሄደ። ባለሙያው ጠየቀ፤ ልጁ ተረጐመ፤ እናቲቱ በአጭሩ መለሱ፤ የጨጓራ መድኃኒት ታዘዘ። ይኸው ነገር ሦስት ጊዜ ተደጋገመ። እኛም በየዘገባችን ላይ «አስተርጓሚ ተመቻችቷል» ብለን ጻፍን።

በአራተኛው ጉዞ ልጁ ፈተና ስለ ነበረበት ሁለቱንም ቋንቋ የምታውቅ አንዲት ጎረቤት አብራን መጣች። ያን ዕለት እናቲቱ ለብዙ ወራት ደም ሲፈስሳቸው እንደ ቆየ ተናገሩ። ምርመራው ሕመሙ ከጨጓራ ሳይሆን ከማኅፀን መሆኑን አሳየ። ሕክምናው ወዲያው ተጀመረ፤ በሦስቱ ጉዞዎች ያለፈው ጊዜ ግን አልተመለሰም። አንዲት እናት እንዲህ ያለውን ነገር በወንድ ልጇ አፍ ልትናገር እንደማትችል ለመገመት የተለየ ዕውቀት አያስፈልገንም ነበር። ስሕተቱ የእኛ ነበር፤ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በመገኘቱ ብቻ መነጋገር የተቻለ መሰለን።

ይህን ጽሑፍ ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት አባቶቻችን ስናቀርብ መነሻችን ያ ስሕተት ነው። በከተማም ሆነ በገጠር አጥቢያዎቻችን ተፈናቃዮችን፣ ስደተኞችን፣ ለሕክምና ከሩቅ የመጡ ወገኖችንና በጠበል ቦታዎች የሚሰበሰቡ ልዩ ልዩ ሕዝቦችን ያስተናግዳሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በእኛ ቋንቋ አይጸልዩም፤ በእኛ ቋንቋም አያቃስቱም።

ባህልን ያገናዘበ እንክብካቤ ምንድን ነው?

የጤና ባለሙያዎች ይህን አሠራር ባህልን ያገናዘበ እንክብካቤ ይሉታል። ሐሳቡ በአጭሩ ሲገለጥ ይህ ነው፤ ሕመምተኛው ወደ ሐኪም የሚያመጣው አካሉን ብቻ አይደለም። ቋንቋውን፣ እምነቱን፣ ስለ ሕመሙ ያለውን አሳብ፣ የሚያፍርበትን፣ የሚፈራውንና የሚያማክረውን ቤተሰብ ሁሉ ይዞ ይመጣል። እነዚህን ሳያውቁ የታዘዘ መድኃኒት ትክክለኛ ቢሆን እንኳ በቤት ውስጥ ሳይዋጥ ሊቀር ይችላል።

ይህ ማለት ከ80 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩባት አገራችን የእያንዳንዱን ሕዝብ ልማድ በቃል ማጥናት አለብን ማለት አይደለም፤ ይህ ለማንም አይቻልም። የሚያስፈልገው አንድም የራሳችን ልማድ ለሁሉ የሚሠራ መለኪያ አለመሆኑን ማመን፣ አንድም በትሕትና መጠየቅን መልመድ ነው።

ዲቁና የተጀመረው በዚሁ ጥያቄ ነው

ነገሩ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው በኢየሩሳሌም ምእመናን በበዙ ጊዜ የግሪክ ቋንቋ ይናገሩ ከነበሩት ወገኖች ቅሬታ ተነሣ፤ በዕለት ዕለት ምግብ እደላ መበለቶቻቸው ተረስተው ነበር። ማንም ሊጎዳቸው አስቦ እንደ ነበር አልተጻፈም። በሁለት ቋንቋ በሚነጋገር ማኅበር ውስጥ ድምፃቸው ወደ አዳዮቹ ሳይደርስ መቅረቱን ግን መገመት አያዳግትም።

ሐዋርያት ቅሬታውን በተግሣጽ አልዘጉትም። ማኅበሩ ሰባት ሰዎችን እንዲመርጥ አደረጉ፤ የተመረጡትም እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስና አምስቱ ባልንጀሮቻቸው ሁሉ የግሪክ ስም ያላቸው ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ኒቆላዎስ የአንጾኪያ ሰው እንደ ነበረ በግልጽ ተጽፏል። ለተረሱት የሚያገለግሉት የተረሱትን ቋንቋ የሚያውቁ ሆኑ ማለት ነው። እኛ ዲያቆናት የአገልግሎታችንን መጀመሪያ ስናስብ ይህን ልንዘነጋ አይገባም።

በአገራችን የጤና አገልግሎትም ተመሳሳይ ጥበብ ታይቷል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞችን ሲመድብ በአብዛኛው ሴቶች የሆኑትን፣ ከዚያው አካባቢ የተመለመሉትንና የሕዝቡን ቋንቋ የሚናገሩትን መርጧል። በብዙ ጤና ጣቢያዎችም ለወለደች እናት ገንፎ ይገነፋል፤ ቡና ይፈላል። ገንፎው መድኃኒት ሆኖ አይደለም፤ እናቲቱ በቤቷ የምታገኘውን ክብር ተነፍጋ እንዳትሸሽ ነው።

መተርጐም ራሱን የቻለ አገልግሎት ነው

በመጀመሪያው ታሪካችን እንደታየው ሁለት ቋንቋ መናገርና ለሕመምተኛ ማስተርጐም አንድ አይደሉም። ልጅ ለወላጁ ሲያስተረጉም እናት ወይም አባት ይደብቃሉ፤ ልጁም የማይገባውን ሸክም ይሸከማል። ባል ለሚስቱ ሲያስተረጉም አንዳንዴ እርሷ ያለችውን ሳይሆን እርሱ የሚያስበውን ይናገራል። በቁጥር አነስተኛ በሆነ የስደተኞች ማኅበረሰብ ውስጥ ደግሞ አስተርጓሚው የሕመምተኛው ጎረቤት ስለሚሆን ምሥጢር ይወጣል ተብሎ ይፈራል።

ስለዚህ አስተርጓሚ የሚሆን ሰው ከመመደቡ በፊት ሦስት ነገር ሊነገረው ይገባል። የሰማውን ሁሉ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ያድርስ፤ የሰማውን ከክፍሉ ውጭ አያውጣ፤ ያልገባውን ቃል ገብቶኛል አይበል። ምሥጢር መጠበቅን ለማስረዳት ለካህናት ምሳሌ ማብዛት አያስፈልግም፤ የንስሐ አባት በልጁ ፊት ያለበትን አደራ ማሰብ ይበቃል። ለሴት ሕመምተኛ ሴት አስተርጓሚ መፈለግ፣ ጠያቂውም አስተርጓሚውን ሳይሆን ሕመምተኛውን እያየ መናገር ተገቢ ነው።

ቅርብ የሚመስሉን ቋንቋዎች ይበልጥ ያሳስታሉ። በግእዝ «ጽባሕ» ማለት ንጋት፣ ጠዋት ነው፤ በትግርኛ ግን «ጽባሕ» ነገ ማለት ነው። ግእዝ የተማረ አገልጋይ ከትግርኛ ተናጋሪ ሕመምተኛ ይህን ቃል ሲሰማ የገባው ይመስለዋል፤ ነገር ግን ነገ የሚመጣውን ሰው ዛሬ ጠዋት የመጣ ያደርገዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስተን ግን የራሳችን «እሺ» ነው። በእኛ ባህል ትልቅ ሰውን፣ ሐኪምንና ካህንን «አልገባኝም» ማለት ድፍረት ይመስላል። ስለዚህ ሕመምተኛው አንገቱን ዝቅ አድርጎ «እሺ» ይላል፤ እሺታው አክብሮት ነው እንጂ መረዳትን አያመለክትም። መፍትሔው ቀላል ነው። «ገባዎት ወይ?» ከማለት ይልቅ «በደንብ አስረድቼዎት እንደ ሆነ ለማወቅ፣ ቤት ሲገቡ መድኃኒቱን እንዴት እንደሚወስዱ ይንገሩኝ» ማለት ይሻላል። እንዲህ ሲጠየቅ ፈተናው የአስረጂው እንጂ የሕመምተኛው አይሆንም።

የሕመም ስም

አማርኛ ተናጋሪ ሰው «ልቤን ያቃጥለኛል» ሲል ብዙ ጊዜ ጨጓራውን ማለቱ ነው። «ሆዴ ባባ» ሲል ግን ስለ አንጀቱ አይናገርም። ዓይኑ ቢጫ የሆነው «የወፍ በሽታ» ይዞኛል ይላል፤ ከንፈሩ የቆሰለው «ምች መታኝ» ይላል። በኦሮምኛም «ገራ» ሆድን ሲያመለክት የውስጥ ስሜትንም ያመለክታል። ቃል በቃል የተተረጐመ ሕመም ሐኪሙን ወደማይፈልገው አካል ሊመራው ይችላል። ስለዚህ ከቃሉ ጋር ቦታውን በእጅ ማስጠቆም መልካም ነው።

ስም የምክንያት አሳብም ያዘለ ነው። የሚጥል በሽታ በአገራችን ከመንፈስ ጋር ይያያዛል፤ የወደቀውን ሰው ክብሪት ጭሮ ማሽተት እስከ አሁን የሚታይ ልማድ ነው። በዚህ ጉዳይ በሌላው ዓለም ከሚጠቀሱት ታሪኮች አንዱ በካሊፎርኒያ መርሴድ በተባለች ከተማ የሆነው ነው። ከላኦስ የተሰደዱ የህሞንግ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሚጥል በሽታ ያለባትን ሕፃን ልጃቸውን ወደ ሆስፒታል ወሰዱ። ወላጆቿ ሕመሙ በድንጋጤ ነፍሷ ከአካሏ ስለ ራቀች የመጣ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ ሐኪሞቹ ደግሞ መድኃኒቱን ደጋግመው ይለውጡ ነበር። በቂ አስተርጓሚ አልነበረም። መድኃኒቱ እንደታዘዘው ሳይሰጥ ሲቀር ሕፃኗ ለጊዜው ከወላጆቿ ተወስዳ በሌላ ቤተሰብ ዘንድ እንድታድግ ተደረገ። በመጨረሻም ከአንድ ብርቱ መናወጥ በኋላ አእምሮዋ ክፉኛ ተጎዳ። አን ፋዲማን ይህን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1997 በመጽሐፍ አውጥታዋለች። ወላጆቹ ልጃቸውን ይወድዱ ነበር፤ ሐኪሞቹም ትጉሃን ነበሩ። የጎደለው የሁለቱ መደማመጥ ነው።

አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪምና የሥነ ሰብእ ተመራማሪ አርተር ክላይንማን ለዚህ የሚረዱ ጥያቄዎችን አስተዋውቋል። በእኛ አነጋገር ሲቀርቡ እንዲህ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ሕመም በአገራችሁ ምን ትሉታላችሁ? ከምን የመጣ ይመስልዎታል? ለምን በዚያ ጊዜ የጀመረ ይመስልዎታል? ይበልጥ የሚያስፈራዎት ምኑ ነው? እስካሁን ምን አደረጋችሁለት? ከሕክምናው ምን ተስፋ ያደርጋሉ? ጥያቄዎቹን የሚያቀርብ ሰው መልሱን ሰምቶ እንዳይስቅና እንዳይገሥጽ ይጠንቀቅ። አንድ ጊዜ የተሳቀበት ሕመምተኛ ሁለተኛ እውነቱን አይናገርም።

ሰዓትና ቀን

የእኛ ሰዓት አቈጣጠር ለእኛ ግልጽ ነው። «ጠዋት በ2 ሰዓት ይምጡ» የተባለ ስደተኛ ግን በአገሩ አቈጣጠር ከቀትር በኋላ በ2፣ ማለትም በእኛ 8 ሰዓት ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ወረፋው አልፏል። የቀጠሮ ካርድም እንዲሁ ነው፤ «20/5» ብለን የጻፍነው ለእኛ ጥር 20 ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር የለመደው ሰው ግን ሜይ 20 ብሎ ያነብበዋል፤ በሁለቱ መካከል ወደ አራት ወር የሚጠጋ ጊዜ አለ። ለነቀርሳ ወይም ለደም ግፊት መድኃኒት ለሚመላለስ ሰው ይህ ቀላል መዘግየት አይደለም። በሁለቱም አቈጣጠር መጻፍና «ፀሐይ ስትወጣ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ» የሚል ምልክት መሣል ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ስምም እንዲሁ ይጥፋል። የኑዌር፣ የአኝዋ ወይም የሶማሊ ስም በአማርኛ ፊደል አንድ ቀን በአንድ ዐይነት፣ ሌላ ቀን በሌላ ዐይነት ሲጻፍ የሕመምተኛው ካርድ ይጠፋል። ስሙን ራሱ እንዲጠራው ማድረግና በያዘው መታወቂያ ላይ እንዳለ መገልበጥ ይገባል። ስሙን በትክክል የጠራለትን ሰው ሕመምተኛው ያምነዋል።

ጾም፣ ጠበልና መድኃኒት

በዚህ ረገድ የካህናት አባቶቻችን ቃል ከማንኛውም ባለሙያ ቃል ይበልጥ ይሰማል። የቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ሕመም የጸናበትን ሰው ከጾም ግዴታ ያቀልለታል። ሆኖም ብዙ ምእመናን በፈቃዳቸው እስከ 9 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይጾማሉ፤ ለንስሐ አባታቸውም ሕመማቸውን አይነግሩም። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ምግብ ሳይቀምስ ሲቆይ የደሙ ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ስለዚህ ውይይቱ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሊጀመር ይገባል። «አባቴ፣ መድኃኒት እወስዳለሁ» የሚለውን ቃል ከሕመምተኛው ከመጠበቅ ይልቅ ካህኑ ቀድሞ ቢጠይቅ የሚድኑ አሉ።

ሙስሊም ወገኖቻችንም በረመዳን ተመሳሳይ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። በእምነታቸው ለታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ጊዜ የመክፈል ፈቃድ አለ፤ ነገር ግን ብዙዎች ከወገኖቻቸው መለየትን አይወድዱም። እኛ የምናገለግለው ሙስሊም ሕመምተኛ ሲሆን በሃይማኖቱ ላይ አስተያየት መስጠት የእኛ ድርሻ አይደለም። ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር እንዲመክር መንገድ ማመቻቸት ይበቃናል።

የጠበል ጉዳይም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ወደ ጠበል ቦታዎች የሚመጡት ሕሙማን ከልዩ ልዩ ብሔረሰቦች፣ አንዳንዴም ከሌላ ሃይማኖት ናቸው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመነ ፕትርክናቸው ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ አስተምረዋል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በየዕለቱ ሳይቋረጥ ይወሰዳል። የተለመደው የነቀርሳ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ተከታታይና ለሕይወት የሚያሰጋ መናወጥ ሊያስከትል ይችላል። በጠበል ቦታ «መድኃኒቱን ተወው» የሚል አንድ አስተናጋጅ የብዙ ባለሙያዎችን ድካም ያፈርሳል። «ጠበሉንም ተጠመቅ፣ መድኃኒትህንም ዋጥ» የሚል አንድ ካህን ደግሞ ማንም ባለሙያ ሊያደርገው የማይችለውን ያደርጋል።

ክፉ ዜና እንዴት ይነገር?

በባህላችን መርዶ እንዴት፣ በማን፣ በስንት ሰዓት እንደሚነገር ሥርዐት አለው። ከባድ ሕመምም በብዙ ቤተሰብ ዘንድ እንደ መርዶ ይታያል፤ ለሕመምተኛው ሳይሆን አስቀድሞ ለቅርብ ዘመድ ይነገራል። ተመራማሪዋ የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በጻፉት ጥናት ይህን ለአሜሪካውያን ሐኪሞች አስረድተዋል። በዚያ አገር ሐኪሙ ለሕመምተኛው በቀጥታ ይናገራል፤ ለእኛ ወገኖች ግን ይህ ጭካኔ መስሎ ይታያቸው ነበር። በባዕድ አገር እኛ የፈለግነውን መረዳት ዛሬ በአገራችን ለተሰደዱት እኛ ልንሰጣቸው ይገባል።

ይሁንና ልማዱ ሁሉ እንዳለ ይቀጥል ማለት አይደለም። ሕመሙን ያላወቀ ሰው መድኃኒቱን በትክክል አይወስድም፤ ንስሐ ለመግባትም ሆነ ልጆቹን ለማዘጋጀት ጊዜ አያገኝም። የሚሻለው ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ራሱን ሕመምተኛውን መጠየቅ ነው፤ «ስለ ሕመምዎ የሚታወቀውን ሁሉ ራስዎ መስማት ይወድዳሉ? ወይስ አብሮዎት እንዲሰማ የሚፈልጉት ሰው አለ?» ይህ ጥያቄ ባህሉንም ሰውየውንም ያከብራል።

ብሔር አይጠየቅም፣ ሰው ይጠየቃል

ስለ ባህል የተማረ ሰው የሚወድቅበት አንድ ጉድጓድ አለ፤ «የእገሌ ብሔረሰብ ሰዎች እንዲህ ናቸው» ማለት ነው። በጎንደር የተወለደ ሁሉ አይጾምም፤ ሶማሊ የሆነች እናት ሁሉ ወንድ ሐኪም አትፈራም። የተማርነው ልማድ ለጥያቄ መነሻ እንጂ ለፍርድ ማሰሪያ ሊሆን አይገባም።

በተለይ በዚህ ዘመን በግጭት ተፈናቅሎ የመጣን ሰው «ብሔርህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ቁስል መንካት ነው። በዚያ ጥያቄ ምክንያት ቤቱን ያጣ ሰው ሊሆን ይችላል። ለእንክብካቤው የሚያስፈልገን ብሔሩ አይደለም። «በየትኛው ቋንቋ ብንነጋገር ይቀልልዎታል?» የሚለው ጥያቄ የምንፈልገውን ሁሉ ይሰጠናል፤ የሚያስፈራም አይደለም።

ሕሙማንን ለመጠየቅ የሚሄዱ ካህናትም ሕመምተኛው የሌላ እምነት ተከታይ ከሆነ ሳያስፈቅዱ ጠበል ከመርጨትና መስቀል ከማሳለም ይጠበቁ። በአልጋ ላይ ያለ ሰው ተነሥቶ ሊሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ፈቃዱ ይበልጥ ሊከበርለት ይገባል።

ሰበካ ጉባኤያት ከየት ይጀምሩ?

ከዚህ በታች ያሉት በጀት ሳይጠብቁ በዚህ ሩብ ዓመት ሊጀመሩ የሚችሉ ናቸው።

1. በአጥቢያው የሚነገሩ ቋንቋዎችን መዝግቡ። ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች፣ ከማኅበራትና ከእድሮች መካከል ሁለት ቋንቋ የሚናገሩ፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶችና ሴቶችን ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ለይዩ።

2. ለተመረጡት ስለ ምሥጢር ጥበቃና ስለ ታማኝ ትርጉም የግማሽ ቀን ትምህርት ስጡ። በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ባለሙያ ጋብዙ።

3. ሕፃናትን በማንኛውም የሕክምና ጉዳይ ለአስተርጓሚነት አትላኩ። ሌላ ሰው እስኪገኝ መዘግየት ግድ ከሆነና ሕመሙ አጣዳፊ ካልሆነ ቀጠሮ ማስለወጥ ይሻላል።

4. የቀጠሮ ቀንንና ሰዓትን በሁለቱም አቈጣጠር ጻፉ።

5. ከዐቢይ ጾምና ከጾመ ፍልሰታ በፊት ባለው እሑድ ሕሙማን ከንስሐ አባታቸውና ከሐኪማቸው ጋር እንዲመክሩ በዐውደ ምሕረት አሳስቡ።

6. በጠበል ቦታ ያሉ አስተናጋጆች መድኃኒት እንዲያቋርጥ ለማንም እንዳይናገሩ በጽሑፍ መመሪያ ስጡ።

7. ስሕተታችሁንም መዝግቡ። «አስተርጓሚ ተመቻችቷል» ከማለት አልፎ ማን እንዳስተረጐመና ሕመምተኛው በነጻነት መናገሩን ዘገባችሁ ያሳይ።

በመጀመሪያ ያነሣናቸው እናት ዛሬም ሕክምናቸውን ይከታተላሉ። ያቺ ጎረቤት አሁን ከእኛ ጋር ለሌሎች እናቶች ታስተረጉማለች። በቅርቡ አንዲትን እናት ይዛ ስትሄድ በር ላይ ቆማ እኛን ወደ ኋላ መለሰችን፤ «እናንተ ውጭ ጠብቁ፣ ይህ የሴቶች ነገር ነው» አለችን። እኛም ውጭ ጠበቅን።